የሂሳብ ሠራተኛው መዝገብ፦ የሂሴን ሃብሬ ፍርድ ከንጃሜና እስከ ዳካር

ሂሴን ሃብሬ ታጣቂዎቹን አስከትሎ ንጃሜና የገባው ጁን 7 ቀን 1982 ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቻድ በዚያን ጊዜ ማብቂያ ባጣ የእርስ በርስ ጦርነት ደቅቃለች፤ በሰሜን ጫፏ ያለውን የአውዙን ምድር ደግሞ ሊቢያ ይዛዋለች። ሃብሬ በ1942 በበረሃማዋ ፋያ ላርዦ ተወልዶ ፓሪስ ድረስ ሄዶ የፖለቲካ ሳይንስ የተማረ፣ መናገር የሚያውቅ ሰው ነበር። ዋሽንግተንና ፓሪስ ሙአመር ጋዳፊን የሚገታ ክንድ ይፈልጉ ነበርና በገንዘብም በመሣሪያም ደገፉት። የሬገን አስተዳደር እርዳታውን በሲ.አይ.ኤ. በኩል በምስጢር ሰጠው፤ ፈረንሳይ ወታደሮቿንና ተዋጊ አውሮፕላኖቿን ላከችለት። በጁን 1987 ዋይት ሐውስ ተጋብዞ በክብር ተስተናገደ።

አገሩ ውስጥ የሚሠራው ሌላ ነበር። በጃንዋሪ 1983 የሰነድና የደኅንነት መምሪያ የሚባል ተቋም አቋቁሞ ተጠሪነቱን በቀጥታ ለራሱ አደረገው። ቻዳውያን በፈረንሳይኛ ምኅጻሩ ዴዴኤስ ይሉታል። ከመምሪያው አጠገብ በቅኝ ግዛት ዘመን የፈረንሳይ ወታደሮች ቤተሰቦች ይዝናኑበት የነበረ የመዋኛ ገንዳ ነበር። ገንዳው ላዩ በኮንክሪት ተደፍኖ፣ ውስጡ በአሥር ክፍሎች ተከፋፍሎ የምድር ውስጥ እስር ቤት ሆነ። በቻድ ዓረብኛ አርባታሻር የሚባለው ስቃይ ሁለት እጅና ሁለት እግርን ወደ ኋላ አንድ ላይ መጥፈር ነው፤ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ ብዙዎችን ሽባ አድርጎ አስቀርቷል። የደርግን ወፌ ላላ የቀመሰ ኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ግድያው ተራ ነበረው። በሴፕቴምበር 1984 የደቡቡ ሕዝብ ተመታ፤ ያ ወር እስከ ዛሬ ጥቁር ሴፕቴምበር ይባላል። በ1987 ሃጃራዮች፣ በ1989 ደግሞ ዛጋዋዎች ተለቅመው ታሰሩ፣ ተገደሉ። አንድ ሰው ከአንድ ጎሳ ሲያምፅ ጎሳው በሙሉ ይቀጣል፤ አሠራሩ ይኸው ነበር።

በ1988 ከታሰሩት አንዱ ሱሌይማን ጌንጌንግ ናቸው። በቻድ ሐይቅ ተፋሰስ ኮሚሽን የሚሠሩ የሂሳብ ሠራተኛ እንጂ ፖለቲከኛ አልነበሩም። ከሁለት ዓመት በላይ ከእስር ቤት እስር ቤት ተዘዋወሩ፤ የዓይናቸው ብርሃን ተጎዳ፤ በሽታ ተፈራርቆባቸው ሊሞቱ ደረሱ፤ በአጠገባቸው ሰው ሲሞት በተደጋጋሚ አዩ። እዚያው ሳሉ በሕይወት ከወጡ ለሞቱት ፍትሕ እንደሚጠይቁ ለፈጣሪያቸው ተሳሉ። ከእሳቸው ቀደም ብሎ በ1985 የታሰረ ክሌማን አባይፉታ የተባለ ወጣት ደግሞ ጀርመን ሄዶ ለመማር ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሊነሣ ሲል ነው የተያዘው። ለአራት ዓመታት የእስረኞችን አስከሬን እንዲቀብር ተገደደ። ከከተማው ዳር ያለው ያ የቀብር ሜዳ የሙታን ሜዳ ተባለ። እነዚህን ሁለት ሰዎች አንባቢ እንዲያስታውሳቸው እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በኋላ የሚመጡት ችሎቶች፣ ስምምነቶችና ውሳኔዎች ሁሉ ያለ እነሱ ወረቀት ብቻ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ዲሴምበር 1 ቀን 1990 የቀድሞ የጦር አዛዡ ኢድሪስ ዴቢ ከሱዳን በኩል ገስግሶ ንጃሜና ገባ። ሃብሬ የመንግሥትን ካዝና አራቁቶ በካሜሩን በኩል ወደ ሴኔጋል ሸሸ። እስር ቤቶቹ ተከፈቱ። ጌንጌንግ ወጡ።

አዲሱ መንግሥት በማሃማት ሃሰን አባካር የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን ሰየመ። ለኮሚሽኑ የተሰጠው ቢሮ የዴዴኤስ የቀድሞ መሥሪያ ቤት ነበር፤ የተሰቃዩ ሰዎች ወደ ተሰቃዩበት ግቢ ገብተው ቃል እንዲሰጡ ነው የተጠየቁት። ብዙዎች ፈርተው ቀሩ። ያም ሆኖ ኮሚሽኑ በሜይ 1992 ሪፖርቱን አወጣ፦ በግምት 40,000 ሰው ተገድሏል፤ ኃላፊው ሃብሬና ዴዴኤስ ናቸው፤ ዋናዋ የውጭ ደጋፊ አሜሪካ ነበረች። ወንጀለኞቹ ለፍርድ ይቅረቡ ሲልም ጠየቀ። ሪፖርቱ ታተመና ተረሳ። የዴዴኤስ ሰዎች በአዲሱ መንግሥት ፖሊስና ደኅንነት ውስጥ ሥልጣን ይዘው ቀጠሉ። ዴቢ ራሱ በ1984 የሠራዊቱ አዛዥ ነበርና ነገሩ እንዲጎረጎር የሚገፋፋው ምክንያት አልነበረውም።

ጌንጌንግ ግን በሙያቸው የለመዱትን ያዙ፤ መዘገቡ። ከጓደኞቻቸው ጋር የተጎጂዎች ማኅበር መሥርተው እየዞሩ ስም፣ የታሰሩበትን ቀን፣ እስር ቤቱን፣ የስቃዩን ዓይነት፣ የሞተውን ሰው ማንነት ጻፉ። 792 ሰዎች ቃላቸውን ሰጡ። ማስፈራሪያው ሲበረታ ጌንጌንግ ሰነዱን ቤታቸው ደብቀው ለዓመታት አቆዩት። ክስ የሚሰማ ፍርድ ቤት በሌለበት የክስ መዝገብ ማደራጀት ምን ያህል እምነት እንደሚጠይቅ ሳስበው ይገርመኛል።

ኦክቶበር 16 ቀን 1998 ለንደን ላይ አንድ ነገር ሆነ። የቺሊው የቀድሞ አምባገነን አውጉስቶ ፒኖቼ ለሕክምና በሄደበት፣ በስፔናዊው ዳኛ ባልታሳር ጋርዞን ጥያቄ ተያዘ። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች በማርች 1999 የቀድሞ የአገር መሪ በማሰቃየት ወንጀል ሲጠየቅ ያለመከሰስ መብት አይጋርደውም ብለው ወሰኑ። ፒኖቼ በጤና ምክንያት ተለቆ በማርች 2000 አገሩ ቢገባም ውሳኔው ጸንቶ ቆየ። መሠረቱ የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ማሰቃየት ስምምነት ነው። ስምምነቱ በ1987 ሥራ ላይ ሲውል ፈራሚ አገሮችን አንድ ግዴታ አስገብቷቸዋል፦ በማሰቃየት የተጠረጠረ ሰው በግዛትህ ከተገኘ፣ ዜግነቱ የየትም ይሁን ወንጀሉ የትም ይፈጸም፣ ወይ ክሰሰው ወይ ለሚከሰው አሳልፈህ ስጠው። ሴኔጋል ስምምነቱን ከተቀበሉ ቀደምት አገሮች አንዷ ናት። ሃብሬ ደግሞ ዳካር ውስጥ በድሎት ይኖራል።

በ1999 የቻድ የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለውን ድርጅት እርዳታ ጠየቁ። ጉዳዩን የያዙት አሜሪካዊው የሕግ ባለሙያ ሪድ ብሮዲ ናቸው። ጌንጌንግ የደበቁትን አወጡ፤ ቅጂው ከአገር ተሸሽጎ ወጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የደርጉ መሪ የነበረው መንግሥቱ ኃይለማርያም ከተሰደደባት ዚምባብዌ ለሕክምና ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ተላልፎ እንዲሰጠው ቢጠይቅም መንግሥቱ ወደ ሐራሬ ተመለሰ። ሃብሬና መንግሥቱ በስድስት ወር ልዩነት ነበር ከሥልጣን የወደቁት፤ የተጠጉት ግን የተለያዩ አገሮችን ነው።

ጃንዋሪ 26 ቀን 2000 ሰባት ተጎጂዎች ዳካር ገብተው ክስ አቀረቡ። ሃብሬ እንዳያመልጥ ዝግጅቱ ሁሉ በምስጢር ነበር የተያዘው። መርማሪ ዳኛው ደምባ ካንጂ የተጎጂዎቹን ቃል ሰሙ፤ ፌብሩዋሪ 3 ሃብሬን በማሰቃየት ተባባሪነት ከሰው በቁም እስር አዋሉት። አንድ አፍሪካዊ አገር የሌላን አፍሪካዊ አገር የቀድሞ መሪ በሰብዓዊ መብት ጥሰት ሲከስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ደስታው ግን ከጥቂት ወራት አላለፈም። በማርች አብዱላይ ዋድ የሴኔጋል ፕሬዝዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ዳኛ ካንጂ ከጉዳዩ ተነሡ፤ በጁላይ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሴኔጋል ከግዛቷ ውጭ የተፈጸመን ወንጀል የማየት ሥልጣን የላትም አለ። ስምምነቱ ቢፈረምም ወደ አገር ውስጥ የሥነ ሥርዓት ሕግ አልገባም የሚል ነው ምክንያቱ። በማርች 2001 ሰበር ሰሚው አጸናው። አንድ መንግሥት ፈርሞ የራሱን ሕግ ሳያስተካክል ይቀርና፣ ቆይቶ ያንኑ ቸልተኝነቱን መከላከያ ያደርገዋል። በአህጉራችን ስንት ስምምነት በዚህ መንገድ እንደሞተ ቤቱ ይቁጠረው።

ተጎጂዎቹ ቤልጂየም ሄዱ። በ1993 የወጣው የቤልጂየም ሕግ የትም የተፈጸመን ከባድ ወንጀል ለማየት ይፈቅድ ነበር። በሜይ 2001 እነ ብሮዲ ንጃሜና ውስጥ ተዘግቶ ወደተተወው የዴዴኤስ ሕንፃ ሲገቡ ወለሉ ላይ በአቧራ የተሸፈነ የወረቀት ክምር አገኙ፦ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የእስረኛ ዝርዝር፣ የምርመራ ቃል፣ የሞት ማስታወሻ፣ ለፕሬዝዳንቱ የተላከ ሪፖርት። ሰነዶቹ ሲመረመሩ የ12,321 ተጎጂዎች ስም ተገኘባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ 1,208ቱ በእስር ላይ የሞቱ ናቸው። ገዳዩ ራሱ ያስቀመጠው መዝገብና ጌንጌንግ የደበቁት መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እርስ በርስ ይመሳከሩ ጀመር።

ጁን 11 ቀን 2001 የተጎጂዎቹ ጠበቃ ዣክሊን ሙዴይና ንጃሜና ከሚገኘው የፈረንሳይ ኤምባሲ ፊት ለፊት ከሌሎች ሴቶች ጋር ሰላማዊ ሰልፍ ላይ ሳሉ ፖሊስ በወረወረው የእጅ ቦምብ እግራቸው ቆሰለ። ፖሊሱን ያዘዘው የቀድሞ የዴዴኤስ ሹም ነበር። ሙዴይና ታክመው ወደ ክሱ ተመለሱ። ጌንጌንግ በፊናቸው ሥራቸውን አጡ፤ ኋላም አሜሪካ ተሰደዱ።

የቤልጂየሙ መርማሪ ዳኛ ዳንኤል ፍራንሰን በ2002 ቻድ ሄደው እስር ቤቶቹንና የቀብር ሜዳዎቹን ተመለከቱ። በዚያው ዓመት የቻድ መንግሥት የሃብሬን ያለመከሰስ መብት ማንሣቱን በጽሑፍ አሳወቀ። ቤልጂየም በአሜሪካ ግፊት ሕጉን በ2003 ብትሽረውም የሃብሬ ጉዳይ ምርመራው ቀድሞ ስለተጀመረ ተረፈ። በሴፕቴምበር 2005 የእስር ትእዛዝ ወጣ። የዳካር ፍርድ ቤት አሁንም ሥልጣን የለኝም አለ፤ ዋድም ጉዳዩን ወደ አፍሪካ ኅብረት ገፉት።

አንድ አፍሪካዊ መሪ ለቀድሞ ቅኝ ገዢ ፍርድ ቤት ተላልፎ ይሰጥ ወይ የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ ቅሬታውም መሠረት ነበረው። ኅብረቱ በጃንዋሪ 2006 ካርቱም ላይ የሕግ ሊቃውንት ኮሚቴ ሰየመ፤ ጁላይ 2 ቀን ባንጁል ላይ ሴኔጋል ሃብሬን በአፍሪካ ስም እንድትዳኘው ወሰነ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር፣ አዲስ አበባ ላይ፣ የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥቱን በሌለበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አለው፤ በጃንዋሪ 2007 የዕድሜ ልክ እስራት፣ በ2008 በይግባኝ ሞት ተፈረደበት። ዚምባብዌ አሳልፋ አልሰጠችውም። ኅብረቱ ለቻድ ተጎጂዎች ያደረገውን ለኢትዮጵያ ተጎጂዎች ለምን አላደረገም? እንደ እኔ፣ መልሱ በሕጉ ውስጥ አይገኝም። ሴኔጋልን ቤልጂየም ከሳታለች፣ ኮሚቴዎች ወቅሰዋታል፣ ጋዜጦች ዓመት ከዓመት ጠይቀዋታል፤ የዚምባብዌውን መሪ የሮበርት ሙጋቤን ደጅ ግን እንዲህ ያለማቋረጥ ያንኳኳ አልነበረም።

ሴኔጋል ሕጓን በ2007 አሻሻለች፤ ቀጥላም ገንዘብ የለኝም አለች። መጀመሪያ 27 ሚሊዮን ዩሮ ጠየቀች፤ ድርድሩ ሦስት ዓመት ፈጅቶ በኖቬምበር 2010 ለጋሾች በ8.6 ሚሊዮን ዩሮ ተስማሙ። በዚያው ወር የምዕራብ አፍሪካ መንግሥታት የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት፣ ሃብሬ ባቀረበው አቤቱታ፣ አዲሱ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤ ሊዳኝ የሚችለው ዓለም አቀፍ ባሕርይ ባለው ልዩ ችሎት ብቻ ነው ሲል ፈረደ። ሃብሬ ያመለክት የነበረው ለማምለጥ ነው፤ ውሳኔው ግን የሚዳኝበትን መንገድ አሳየ። በጁላይ 2011 ዋድ ሃብሬን ወደ ቻድ እልከዋለሁ ብለው፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ኮሚሽነር ናቪ ፒላይ ስላሳሰቡ በቀናት ውስጥ ሐሳባቸውን ቀየሩ።

2012 ሁሉ ነገር የተለወጠበት ዓመት ነው። ማኪ ሳል በምርጫ ዋድን ተኩ። ቤልጂየም በ2009 የመሠረተችውን ክስ ሲያይ የቆየው የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ጁላይ 20 ቀን ሴኔጋል ሳትዘገይ ሃብሬን እንድትከስ፣ ካልሆነም አሳልፋ እንድትሰጥ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በኦገስት ሴኔጋልና የአፍሪካ ኅብረት ልዩ የአፍሪካ ችሎቶችን ለማቋቋም ተፈራረሙ። የኅብረቱ አዲስ ዋና መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የተመረቀው በአዲስ አበባው ዓለም በቃኝ እስር ቤት ቦታ ላይ ነው። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ስልሳ ሰዎችን የረሸነውም በዚሁ እስር ቤት ነበር።

ሃብሬ ጁን 30 ቀን 2013 ተያዘ። ችሎቱ ጁላይ 20 ቀን 2015 ሲከፈት በጩኸት አወከ፤ ጠበቆቹ አልቀረቡም፤ ፍርድ ቤቱ ሦስት ሴኔጋላውያን ጠበቆች አቁሞለት በሴፕቴምበር ሲቀጥል በግድ ተይዞ ገባ። ከዚያ በኋላ ነጭ ልብስና ጥምጣም፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ችሎቱን የመሩት የቡርኪና ፋሶው ዳኛ ግበርዳኦ ጉስታቭ ካም ናቸው።

93 ምስክሮች ተሰሙ። ጌንጌንግ ከስደት መጥተው ከዳኞቹ ፊት ቆሙ። ሴቶች ዋዲ ዱም ወደሚባል የበረሃ ጦር ሰፈር ተወስደው ለወታደሮች ባሪያ መደረጋቸውን ተናገሩ፤ ይህን ለባሎቻቸውና ለልጆቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ሩብ ምዕተ ዓመት የኖሩ ነበሩባቸው። ከዴዴኤስ ሰነዶች አንዱ ቀይ መስቀል የታመሙ የጦር ምርኮኞች ሆስፒታል እንዲገቡ የጠየቀበት ደብዳቤ ነው። በደብዳቤው ላይ ከእንግዲህ ምርኮኛ ከእስር ቤት የሚወጣው ሲሞት ብቻ ነው የሚል ትእዛዝ በእጅ ተጽፎበታል። የእጅ ጽሕፈት መርማሪው ጽሕፈቱ የሃብሬ መሆኑን ለችሎቱ አረጋገጡ። ስለ እስር ቤቶቹ አላውቅም የሚለው መከላከያ እዚህ ላይ ፈረሰ።

ሜይ 30 ቀን 2016 ዳኛ ካም ፍርዱን አነበቡ፦ በሰው ልጅ ላይ በተፈጸመ ወንጀል፣ በጦር ወንጀልና በማሰቃየት ጥፋተኛ፤ የዕድሜ ልክ እስራት። ባሎቻቸው የተገደሉባቸው ሴቶች እልልታቸውን አቀለጡት። በኤፕሪል 2017 የይግባኙ ችሎት ፍርዱን አጸና፤ ሃብሬ ራሱ ፈጸመው የተባለውን የመድፈር ወንጀል ብቻ፣ በመጀመሪያው ክስ ውስጥ አልነበረም በሚል የሥነ ሥርዓት ምክንያት፣ ሰረዘው። ችሎቱ ያንን ቃል የሰጡትን ሴት አላመንኩም አላለም፤ ይህ ልዩነት በዜናው ውስጥ ተውጦ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ፍርዱ ጎዶሎ አለው። ዴቢ ለምስክርነት እንኳ አልተጠራም። ያስታጠቁትና ያሠለጠኑት መንግሥታት አልተጠየቁም፤ የወቅቱ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ኬሪ በፍርዱ ቀን ባወጡት መግለጫ አሜሪካ በቻድ ከሆነው ጋር የነበራትን ግንኙነት መመርመር እንደሚገባት ጠቀሱ፣ ከዚያ አላለፈም። ልዩ ችሎቶቹም ሥራቸውን ጨርሰው ተበተኑ፤ አህጉሩ ለቀጣዩ አምባገነን ያስቀረው ቋሚ ችሎት የለም።

ካሳውም አለ። የይግባኙ ችሎት ለ7,396 ተጎጂዎች 82 ቢሊዮን የሴፋ ፍራንክ ወስኖ፣ ሥራውን ለአፍሪካ ኅብረት የካሳ ቋት ሰጠ። ከዚያ ቀደም በማርች 2015 የንጃሜና ፍርድ ቤት 20 የዴዴኤስ ሰዎችን ጥፋተኛ ብሎ 75 ቢሊዮን ፍራንክ ካሳ፣ መታሰቢያ ሐውልትና በዴዴኤስ ሕንፃ ውስጥ ሙዚየም እንዲሠራ አዝዟል። ሃብሬ ኦገስት 24 ቀን 2021 በእስር ላይ ሳለ በኮቪድ ታሞ ዳካር ውስጥ ሞተ፤ ዴቢ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ተገድሎ ነበር። እስከዚያ ድረስ ተጎጂዎቹ እጅ አንድ ፍራንክ አልገባም። አባይፉታ ይመራው የነበረው የተጎጂዎች ማኅበር ንጃሜና ላይ ሰልፍ መውጣቱን ቀጠለ፤ በየዓመቱም የሰልፈኛው ቁጥር በሞት ይቀንስ ነበር።

በፌብሩዋሪ 2024 የቻድ መንግሥት ለ10,700 ሰዎች 10 ቢሊዮን ፍራንክ ማከፋፈል ጀመረ። የእያንዳንዳቸው ድርሻ 925,000 ፍራንክ ነበር። ሁለቱ ፍርድ ቤቶች ከወሰኑት ይህ ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ ቀሪው የቻድ መንግሥትና የአፍሪካ ኅብረት ኃላፊነት ነው፤ ዕዳው ከተፈረደባቸው ሰዎች ንብረት ይሰብሰብ ቢባል የሃብሬ ሀብት ተብሎ የተያዘው ዳካር ያለ አንድ ቤትና ጥቂት የባንክ ገንዘብ ነው። የሚከፍል መንግሥት ብቻ ነው የቀረው።